ላሟ ታማ ኪስ ሲሳሳ፦ ጅማ ላይ ለእንስሳት ሕክምና እርዳታ የሚገኝበት መንገድ

ከብት ደመወዝ እስኪገባ ወይም ቡና እስኪሸጥ ጠብቆ አይታመምም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታመመው ክረምቱ ሲጠና፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም በሚታሰብበት፣ እጅ ባጠረበት ሰሞን ነው። ያኔ አብዛኞቻችን «እስቲ እስከ ነገ እንያት» እንላለን። ነገ ደግሞ ከነገ ወዲያ ይሆናል። ሐኪም ሲጠራ ላሟ ተኝታለች፤ በትንሽ ወጪ ትድን የነበረችው አሁን ብዙ ብር ትጠይቃለች። ያም ሆኖ መዳኗ ያጠራጥራል።

ይህን የምጽፈው ጅማ ከተማ ውስጥ አንድ ሁለት የወተት ላም ላላቸው፣ በፈረስ ጋሪ ለሚያድሩ፣ በጓሯቸው በግና ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች ነው። በቀርሳ፣ በማና፣ በሰቃ ጨቆርሳና በዴዶ ላላችሁም ይሠራል። አንድ በር አንኳኩታችሁ ሙሉ ሒሳቡን የሚከፍልላችሁ ቦታ አትጠብቁ። እርዳታው የሚገኘው ተቆራርጦ ነው። ከአንዱ ቅናሽ፣ ከሌላው ዱቤ፣ ከጎረቤት ትንሽ፣ ከእድር ትንሽ። ቁርጥራጩን ለመሰብሰብ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ እንደሌላችሁ ቶሎና በግልጽ ተናገሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. የዛሬውን ከነገው ለዩ

ገንዘብ ከማፈላለጋችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ እወቁ። የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቶ የምትጨነቅ ላም፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሳት በኋላ ሁለት ሰዓት አምጣ ምንም ለውጥ የሌላት፣ ወልዳ መነሳት ያቃታት፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ እየተንከባለለ ሆዱን የሚያይ ፈረስ፣ እነዚህ የዛሬ ናቸው። ለእነዚህ ተበድራችሁም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ብድሩን እንዴት እንደምትከፍሉ ማታ ታስባላችሁ።

ቀስ እያለ መክሳት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ ቀላል ማነከስ፣ የፀጉር መንጨባረር የቀናት ጊዜ ይሰጣሉ። ጊዜው ግን ገንዘብ የምታፈላልጉበት ነው እንጂ ዝም የምትሉበት አይደለም።

አንድ ነገር ከሁሉም ይለያል። ጤነኛ የነበረ ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋን ጠርጥሩ። አትበልቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትብሉ፣ አትሽጡ። «ቢያንስ ቆዳው እንኳ ይትረፍ» ማለት ቤተሰብን ይጨርሳል። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወዲያው ንገሩ።

ከዚያ ወረቀት አምጡና ጻፉ። መቼ መብላት አቆመች? ወተቷ በምን ያህል ቀነሰ? እበቷ ምን ይመስላል? የስንት ወር እርጉዝ ናት? እስካሁን ምን መድኃኒት ተሰጣት? ሌላ የታመመ ከብት በግቢው ወይም በሰፈሩ አለ? በስልክ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ፤ ስትሄድም ስትቆምም። ይህ በነፃ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሐኪሙን ከግምት ያድነዋል። እናንተን ደግሞ ለግምት የሚወጋ መርፌ ከመክፈል ያድናችኋል።

2. ከመንግሥት በር ጀምሩ

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል። እኔ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ሂዱ እላለሁ። ገጠር ከሆናችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞቹ ውስጥ አንዱ የእንስሳት ነው። የእንስሳት ጤና ኬላ በአቅራቢያችሁ ካለ እዚያ፤ ከሌለ የወረዳው ክሊኒክ። ከተማ ከሆናችሁ የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ክፍል አለ። የመንግሥት ክሊኒክ የምርመራ ክፍያ ከግል ያነሰ ነው።

ችግሩ መድኃኒት የሚያልቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። ስለዚህ ከብቱን ከመንዳታችሁ በፊት ደውሉ ወይም ሰው ላኩ። «ዛሬ ሐኪም አለ? መድኃኒቱስ እዚያው ይገኛል ወይስ ከውጭ ነው የሚታዘዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ለክትባት ወይም ለመስክ ሊወጣ ይችላል።

ከአንድ በላይ እንስሳ ታሞ ከሆነ ነገሩ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ስለ እንስሳት በሽታ መከላከልና መቆጣጠር የወጣው ሕግ ተላላፊ በሽታን የመንግሥት ጉዳይ አድርጎታል። ወረዳው መጥቶ ማጣራት፣ ናሙና መውሰድ፣ አካባቢውን መከተብ ሥራው ነው። ናሙናው ወደ በደሌ የእንስሳት ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል። ለአንድ ሰው ላም የማይመጣ እርዳታ ለሰፈር ይመጣል። የአምስት ቤት ሰዎች አብራችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ይሰማችኋል። በጎቹ ሁሉ እያስነጠሱ፣ ዓይንና አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ እያስቀመጣቸው ከሆነ ይህን የመሰለ ጥሪ የግድ ነው፤ የበግና ፍየል ደስታ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በፍጥነት ይዛመታል።

3. የግብርና ኮሌጁን በር አንኳኩ

ጅማ ያለን ሰዎች ሌላ ከተማ ብዙም የማይገኝ ዕድል አለን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1952 የግብርናና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተ ነው፤ ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች ይማሩበታል። ተማሪ ደግሞ ያለ በሽተኛ አይማርም። የኮሌጁ ክሊኒክ ከብት፣ ፈረስ፣ አህያ፣ በግ፣ ውሻ ያያል።

እዚያ ስትሄዱ ትዕግሥት ያዙ። ተማሪዎች ከብታችሁን ከበው ይመረምራሉ፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ደግሞ ይሰማል። ጊዜ ይወስዳል። ግን አንድ ሰው ብቻ ቸኩሎ ከሚያየው ይልቅ መምህሩ ቆሞ የሚያየው ምርመራ ለእናንተ ትርፍ ነው። የሰገራና የደም ምርመራ መጠየቅም ይቻላል። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ከመግዛት አንድ ምርመራ ይረክሳል።

ሌላም ጠይቁ። «በአሁኑ ሰዓት በእንደዚህ ዓይነት በሽታ ላይ የሚሠራ ጥናት አለ ወይ?» በሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ ለምርምር ናሙና የሚሰበስቡ ሰዎች ይኖራሉ። የእናንተ ላም በጥናቱ ከገባች ምርመራው ከኪሳችሁ ላይወጣ ይችላል። ውጤቱን እንዲነግሯችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ናሙና ሰጥታችሁ ውጤት ሳትሰሙ አትቅሩ።

4. ሐኪሙን እንዴት ታናግሩታላችሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ብር የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ነውና። እኛ ጋ ችግርን ለሐኪም መንገር ያሳፍራል። ጋሼም እትዬም ዝም ይሉና ሒሳቡ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ። ከዚያ «ነገ አመጣለሁ» ብለው ይሄዱና ከብቷን መልሰው አያመጧትም። ሐኪሙ ግን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ መንገድ ይመርጥ ነበር። ለአንድ በሽታ ብዙ ጊዜ ውድም ርካሽም አማራጭ አለ።

ምርመራው ሳይጀመር እንዲህ በሉ፦

«ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ዛሬ እጄ ላይ ያለው ይህን ያህል ብር ብቻ ነው። በዚህ መጀመሪያ ምን ይቅደም? የትኛው ደግሞ ሳምንት ይቆየኛል?»

ሐኪሟ ሴት ከሆነች ያው ነው፤ ዕድሜዋ ከፍ ካለ «እርስዎ» በሉ። ቀጥሎ እነዚህን ጠይቁ። በዚህ ሕክምና የመዳን ዕድሏ ምን ያህል ነው? ካልታከመች ምን ትሆናለች? ርካሽ የሆነ ሌላ መድኃኒት አለ? ተመላላሹን እኔ ራሴ ቤት ልሰጣት እችላለሁ ወይ? ቁስል ማጠብና የሚዋጥ ክኒን መስጠት ከተማራችሁ ለሐኪሙ መመላለሻ አትከፍሉም። መርፌ ግን አትሞክሩ።

ሒሳቡን ለያይቶ እንዲነግራችሁ ለምኑት። ካርድ ስንት፣ ምርመራ ስንት፣ መድኃኒት ስንት፣ የሞተር ወይም የባጃጅ ስንት። ብዙ ጊዜ ዋናውን ብር የሚበላው መመላለሻው ሆኖ ታገኙታላችሁ። መሄድ የምትችል ከብት ከሆነች ነድታችሁ ውሰዷት። የማትችል ከሆነ ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት ሰፈሩን ዙሩ። «ነገ ሐኪም ይመጣል፤ የሚታይ ከብት ያለው?» በሉ። አራት ቤት ከተገኘ መመላለሻው ለአራት ይካፈላል። የትል መድኃኒትም እንዲሁ በጋራ ቢገዛ ይረክሳል።

የግል ሐኪምም የሚያውቃችሁ ከሆነ ዱቤ ይሰጣል። የሚያውቃችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «ስችል እከፍላለሁ» አትበሉ፤ ቀን ቁረጡ። «የወተት ብር በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የምቀበለው፤ ግማሹን በመጀመሪያው፣ ግማሹን በሁለተኛው» ያለ ሰው ይታመናል። ወረቀት ላይ ጻፉትና ፈርሙ። በቀኑ ባይሞላላችሁ እንኳ ያላችሁን ይዛችሁ ፊት ለፊት ሂዱ። የሚቀጥለውን ዱቤ የሚያስገኝላችሁ ይህ ነው።

5. መድኃኒት ላይ ብር አታፍስሱ

ገንዘብ ሲያጥር ሰው ገበያ ላይ ከጆንያ ላይ የተዘረጋ መድኃኒት ይገዛል። ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ቀኑ ያለፈ፣ ወይም ጭራሽ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ካለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዙ። ቀኑን አንብቡ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዋና ስም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ፋብሪካ የሚሠራው ከሌላው በዋጋ ሊለያይ ስለሚችል ሁለት ሦስት ቤት ጠይቃችሁ ርካሹን መምረጥ ትችላላችሁ።

ሌላው ጥፋት ግማሽ መጠን መስጠት ነው። የሦስት ቀን የታዘዘውን በአንድ ቀን ማቆም ገንዘቡንም ላሟንም ማጣት ነው። ሦስቱን ቀን መግዛት ካልቻላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አንዴ ተወግቶ የሚቆይ መድኃኒት ካለ ያንን ሊያዝ ይችላል። በግቤ ሸለቆ በኩል ለገንዲ (በቆላ ዝንብ ለሚተላለፈው የከብት በሽታ) የሚሰጠውን መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያን መኖራቸው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥናት ይታወቃል። ሰኮሩና ኦሞ ናዳ ላይ ቆላው ጋ ከብት ያላችሁ፣ «ያለፈው ጊዜ የተሰጣት ይሄ ነው፤ አልተሻላትም» ማለትን አትርሱ። ያንኑ መልሶ መግዛት ብር ማቃጠል ነው።

ፀረ ተሕዋስያን የተወጋች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት ለሰው አይሰጥም፤ ቀኑ በመድኃኒቱ ላይ ተጽፏል። ሐኪሙን «ወተቷን ስንት ቀን ልተው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት መድኃኒት ዋጋቸው ተቀራርቦ አንዱ ወተት የሚያስጥለው ለአጭር ቀን ከሆነ እሱ ይሻላችኋል። ይህን ሒሳብ ብዙ ሰው አያስገባውም።

6. ሰው ጋ ሂዱ

እድራችሁን ጠይቁ። ገጠር ላይ የከብት እድር ያለበት ቦታ አለ፤ የበሬ እግር ሲሰበር አባላቱ ሥጋውን በቅርጫ ተካፍለው ብሩን ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ይህ የሚሆነው ለተሰበረ ወይም ገደል ለገባ ጤነኛ ከብት ነው እንጂ ለታመመ አይደለም። የከተማው እድር የቆመው ለሰው ሐዘን ቢሆንም አንዳንዱ ለአባላት አነስተኛ ብድር ይሰጣል። ደንቡን ጸሐፊውን ጠይቁ።

እቁብ ካላችሁ ከሁሉ ቀላል ነው። ዳኛውን አናግራችሁ ተራ ለዋውጡ። «ላሜ ታማብኛለች፤ የዚህ ሳምንቱን ለእኔ ልቀቁልኝ» ማለት ነውር የለውም። ወለድ የሌለው ብድር ማለት ነው።

ሙስሊም ከሆናችሁ የመስጊዳችሁን ኮሚቴ አናግሩ። ድሃውና ባለዕዳው ዘካ ከሚገባቸው ወገኖች ናቸው። አንዲት ላም የልጆች ምግብ በሆነችበት ቤት የእሷ ሕክምና የቤቱ ጉዳይ ነው። ሰደቃ የሚያወጣ ሰው ለምን እንደዋለ ማወቅ ስለሚፈልግ የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። ክርስቲያን ከሆናችሁም የሰበካ ጉባኤው ወይም የምጽዋት ክፍሉ በር አለ።

ዘመድ ውጭ አገር ካለ፣ ዓረብ አገርም ሆነ ሌላ፣ «ገንዘብ ላኪልኝ» ብቻ አትበሉ። ቪዲዮውን፣ የሐኪሙን ማዘዣ፣ የሚያስፈልገውን ልክ ብር ላኩላት። ሲያልቅ ደረሰኙን ላኩ። እንደ ጎፈንድሚ ያሉ መዋጮ ማሰባሰቢያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አካውንት ቀጥታ አይከፍሉም፤ እዚያ ያለ ታማኝ ዘመድ በስሙ መክፈት አለበት። የሰፈር የቴሌግራም ቡድን ላይ ስትለጥፉም እንዲሁ ነው። የሚቻል ከሆነ ብሩ በእናንተ በኩል ሳይሆን ቀጥታ ለክሊኒኩ እንዲገባ አድርጉ። ጥርጣሬ ይቀንሳል፤ የሚሰጠው ሰው ይበዛል።

የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤም አስጽፉ። ማንንም አያስገድድም፤ ግን ቅናሽ ስትጠይቁ ቃላችሁን ያጠነክራል። የጽሕፈት ቤቶቹ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ብታስጽፉ ሥራው ይፈጥናል። አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ ከብቷ ለቤቱ ምን እንደምታስገኝ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ስንት እንደጎደለ።

7. ብድር፦ በልክ

የሰፈር ወይም የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆናችሁ መጀመሪያ እዚያ። የድሮው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ የዛሬው ሲንቄ ባንክ፣ ለአርሶ አደርና ለሴቶች ያበድራል፤ ግን ሂደት ስላለው ለዛሬ ማታ አይደርስም። ለዛሬ የሚደርሰው የስልኩ ነው። ቴሌብር ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለ ብድር ይሰጣል። የሚፈቀድላችሁ መጠን በስልክና በቴሌብር አጠቃቀማችሁ ይወሰናል። ክፍያውንና ቀኑን ከመቀበላችሁ በፊት አንብቡ።

ስትበደሩ በብር ሳይሆን በወተት አስቡ። ላሟ ከዳነች በኋላ በቀን ስድስት ሊትር ብትሰጥና ሁለቱ ሊትር ለመኖ ቢሄድ፣ አራት ሊትር ይቀራል። ብድሩን በአራት ሊትር ዋጋ አካፍሉት። የወጣው ቁጥር ዕዳውን ለመክፈል ስንት ቀን እንደምትታለብ ይነግራችኋል። ሃያ ቀን ከሆነ ጥሩ። መቶ ሃምሳ ቀን ከሆነ ቆም በሉ። አራጣ አበዳሪ ጋ ግን በምንም አትሂዱ። ላሟ ድና ቤቱ ይታመማል።

8. ካልተቻለ

ሁሉንም ሞክራችሁ ካልሞላ ሌላ መንገድ አለ። የላሟን ግማሽ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ሽጡ። እሱ ሕክምናዋን ይክፈል፤ ወተቱና ጥጃው እኩል ይሁን። ውሉን በምስክር ፊት ጻፉ። ማን መኖ ያመጣል፣ ብትሞትስ ምን ይሆናል የሚለውን አትዝለሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ ከመሸጥ ይህን እመርጣለሁ። የታመመ ከብት ገበያ ላይ የሚያወጣው ትንሽ ነውና። ሐሙስ ገበያ ላይ ነጋዴው ዓይኗን አይቶ ያውቃል።

መሸጥ የግድ ከሆነ ቀደም ብላችሁ፣ ገና በእግሯ ሳለች፣ ሕመሟን ሳትደብቁ ሽጡ። መድኃኒት የተወጋች ከሆነች ለሥጋ የሚፈቀድበት ቀን ሳያልፍ ለልኳንዳ አትስጡ።

ሐኪሙ «አትድንም» ካለ ደግሞ እመኑት። በተስፋ ብቻ መርፌ መደራረብ ከብቷን ያሠቃያል። ስቃይዋን እንዲያሳጥርላት ጠይቁ። ለጋሪ ፈረስ ይህ በተለይ ይሠራል። ሥራ ያቆመ ፈረስ ከነቁስሉ አስፋልት ላይ ሲለቀቅ ማየት ልብ ይሰብራል። ያ ፈረስ ቤት ሲያበላ የኖረ ነው። የጋሪ ነጂዎች በማኅበራችሁ በየሳምንቱ ትንሽ ብታዋጡ የአንዱ ፈረስ ሲታመም ሌሎቹ ይደርሱለታላችሁ። የኮርቻና የመታጠቂያ ቁስልን ማከም ደግሞ ርካሽ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ በየቀኑ እጠቡ፤ የሚፍቀውን ቦታ በለስላሳ ጨርቅ ደልድሉ፤ እስኪድን አሳርፉት። ቁስሉ በእግሩና በአንገቱ መስመር ይዞ እንደ ቋጠሮ እያበጠ የሚፈርጥ ከሆነ ግን ተላላፊ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሎች ፈረሶች ለዩትና ለሐኪም አሳዩ።

9. ውሻ ካላችሁ

ለውሻ ብር አውጥቶ ማሳከም ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስለዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ቅንጦት አይደለም። በከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በኮሌጁ ክሊኒክ የክትባት ዘመቻ መቼ እንዳለ ጠይቁ። የጠባዩ ለውጥ የታየበት፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ካለ ግን ለሕክምና ገንዘብ አታፈላልጉ። አፉን ከፍታችሁ አትዩ። ዝጉበትና ለባለሙያ ንገሩ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂዱ። ያለችውን ብር ለዚያ አውሉት።